ሒሳብ የማይጠየቅበት ጋራዥ

የፖርሸ 911 ወዳጆችን ከሌላው የመኪና አፍቃሪ መለየት ቀላል ነው፤ የሚቆሙበትን ቦታ ማየት ይበቃል። የሙስታንግ ወዳጅ ከፊት ይቆማል፤ ኮፈኑ ይከፈትለታል፤ ጎንበስ ብሎ አይቶ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። የ911 ወዳጅ ግን በቀጥታ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሞተሩ ያለው እዚያ ነውና። የኋላው ክዳን ጠባብ፣ ሞተሩም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ቆሞ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በእሑድ ማለዳ የመኪና ስብሰባ ላይ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ የቧንቧ ሠራተኛውም አስፋልት ላይ ተንበርክኮ የሰው ሞተር ሲመረምር ታገኙታላችሁ። እኔም አለሁበት። ባለቤቴ "ይህን ሁሉ ስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ብታደርገው ምን ነበረበት?" ትላለች። እስካሁን የረባ መልስ አላገኘሁላትም።

እንዲህ ባለው ስብሰባ ላይ አልፎ አልፎ ወሬውን ሁሉ የሚያስቆም መኪና ይገባል። ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። መልኩ የ1970ዎቹን 911 ይመስላል፤ ክብ ፊት መብራት፣ ሰፋ ያለ ዳሌ፣ ቀጠን ያለ ፓራውልት። ጠጋ ሲሉት ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ይገባዎታል። በላሜራዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ቀለሙ ጥልቀት አለው። የመስኮቱ ጠርዝ፣ የመስታወቱ እግር፣ ማንም የማያየው ብሎን ሳይቀር ተለፍቶበታል። ሲንገር ይባላል። ከስፌት መኪናው ጋር የስም እንጂ የዘር ዝምድና የለውም።

ድርጅቱን የመሠረተው ሮብ ዲኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1990ዎቹ የሮክ ባንድ ድምፃዊ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የመኪና ዲዛይን ተምሮ ሎተስ ኩባንያ ውስጥ ሠርቷል። ባንዱ ከተበተነ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ መጣና አንድ የ1969 ሞዴል 911 ለራሱ እንደሚወደው አድርጎ አሰናዳ። ቡናማ ቀለም ነበረው። ሰዎች መንገድ ላይ እያገኙት "ይህን መኪና ሽጥልኝ" ማለት አበዙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ድርጅቱን አቋቋመ። ስሙ በእንግሊዝኛ ድምፃዊ ማለት ሲሆን፣ የራሱን የድምፃዊነት ዘመንም፣ የፖርሸን የእሽቅድምድም መኪኖች ለአሥርት ዓመታት ሲያሰናዳ የኖረውን መሐንዲስ ኖርበርት ሲንገርንም ያስታውሳል።

የሚገርመው ሲንገር መኪና አለመሥራቱ ነው። ቢያንስ በወረቀት ላይ። ደንበኛው የራሱን 911 ያቀርባል፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1994 የተመረተውና 964 በሚል የፋብሪካ ቁጥር የሚታወቀው መሆን አለበት። ድርጅቱ ያንን መኪና በባለቤቱ ጥያቄ መሠረት ያድሳል፤ ይለውጣል። ፖርሸ የሚለው ስም የሌላ ኩባንያ ንብረት ስለሆነ በየጽሑፋቸው ይህን ነገር ደጋግመው ያስታውቃሉ። ከጋራዡ የሚወጣው መኪና በሕግ ፊት ያው የድሮው 964 ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩም አልተለወጠም።

ለምን 964? በዘመኑ ብዙም ያልተወደደ መኪና ነበር። የድሮው 911 አፍቃሪዎች "ዘመናዊነት አበላሸው" ሲሉ፣ አዲስ ነገር የሚወዱት ደግሞ "ያው አሮጌው ነው" ይሉት ነበር። ይሁን እንጂ ለእድሳት ከእሱ የሚሻል መነሻ አይገኝም። ከፊቱ የነበሩት የ911 ሞዴሎች እንደ አያታቸው ቮልስዋገን በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ላይ የቆሙ ነበሩ፤ ጥቅልል ሞላ የገባው በዚህ ነው። በሞተር የታገዘ መሪና ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን አለው። ሞተሩ ግን አሁንም በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። የጽሑፌ ጉዳይ ሁሉ የሚዞረው በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ላይ ነው።

መኪናው ጋራዥ ሲገባ እስከ አጥንቱ ይገፈፋል። መቀመጫው፣ መስታወቱ፣ ሽቦው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው ሁሉ ወጥቶ ባዶ ቀፎ ይቀራል። ቀፎው ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ ተበይዶ ይጠናከራል። ከዚያ ከበሮቹ በስተቀር የውጭው አካል በካርቦን ፋይበር ይተካል። በሮቹ ብረት ሆነው የሚቀሩት ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ከፍቶ መዝጋት ነው። የድሮ 911 በር ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ የጠመንጃ መቀርቀሪያ ይመስላል፤ ያንን ድምፅ ለማጣት የሚደፍር ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው መደበኛ እድሳት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲጠየቅበት ቆይቷል። ለብዙዎቻችን ውይይቱ እዚህ ላይ ያበቃል። የእነሱ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

አንድ ደንበኛ መጣና ከሁሉ የቀለለና ከሁሉ የበረታ እንዲሆንለት ጠየቀ። ሲንገር የፎርሙላ ዋን ቤተሰብ ወደሆነው የዊሊያምስ የምህንድስና ክፍል ሄደ። በአማካሪነት ከተጋበዙት አንዱ ሃንስ ሜዝገር ነበሩ። ለሞተር ወዳጅ ይህ ስም ትልቅ ስም ነው። በ1960ዎቹ የመጀመሪያውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የ911 ሞተር ከነደፉት ሰዎች አንዱ ናቸው። 917 የተባለውን የፖርሸ የእሽቅድምድም መኪና ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1986 ኒኪ ላውዳና አላን ፕሮስት በማክላረን የዓለም ሻምፒዮን የሆኑበት ቱርቦ ሞተርም የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ተወልደው በ2020 ያረፉት እኚህ ሰው ወደ ዘጠና ዓመታቸው ሲጠጉ፣ በወጣትነታቸው የጀመሩትን ሞተር እስከ ጥግ የሚያደርስ ገንዘብ ያለው ሰው መጥቶ በራቸውን አንኳኳ። ለስንት መሐንዲስ ይህ ዕድል ይደርሰዋል?

እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ ጉድውድ ላይ የታየው ውጤት አራት ሊትር፣ 500 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ ከ9,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ሞተር ነው። የ964 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 3.6 ሊትርና 250 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የመኪናው ክብደት ከ1,350 ኪሎ ግራም ወደ አንድ ሺህ ገደማ ወረደ። የካምቢዮው ቤት ማግኒዚየም ነው። ቸርኬዎቹም ማግኒዚየም ናቸው። ፍሬኑ ካርቦን ሴራሚክ ነው። ሰባ አምስት መኪና ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ፤ የመኪና መጽሔቶች የአንዱን ዋጋ 1.8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ብለው ጻፉ። መነሻውን 964 ባለቤቱ ነው የሚያመጣው።

እነዚህን ቁጥሮች ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት አድናቆት አልነበረም። "በዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ይሠራ ነበር" የሚለው የአገሬ ሰው ድምፅ ነው ቀድሞ የመጣብኝ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ሀብታም ገንዘቡን በምን ላይ ማፍሰስ እንዳለበት ልከራከር አልመጣሁም። ገዢው ደግሞ ለእኔ የታሪኩ ትንሹ ሰው ነው። የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ፖርሸ ራሱ በ2021 ያወጣው 911 ጂቲ3 አራት ሊትር ሞተር አለው፤ ጉልበቱ ከ500 ከፍ ይላል፤ በደቂቃ 9,000 ዙር ይሽከረከራል። ሲወጣ ዋጋው ከ200 ሺህ ዶላር በታች ነበር፤ ከነዋስትናው፣ ከነመለዋወጫው። ታዲያ እዚያው ቁጥር ላይ ለመድረስ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው?

መልሱን ያገኘሁት ቴስታታው ላይ ነው፤ ሲሊንደሮቹን የሚከድነውና ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ክፍል ላይ።

አዲሱ ጂቲ3 በውኃ ይቀዘቅዛል። ፖርሸ የአየሩን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1998 ያቆመው ወድዶ አልነበረም። የጭስና የድምፅ ደንቦች ጠበቁ፤ ጉልበት ደግሞ መጨመር ነበረበት። ለጉልበት የሚበጀው በአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ማድረግ ነው፤ ሁለቱ አየርና ነዳጅ ያስገባሉ፤ ሁለቱ ጭስ ያስወጣሉ። ሞተሩ በደንብ ይተነፍሳል። ችግሩ በሁለቱ የጭስ ቫልቮች መካከል ያለችው ጠባብ ብረት ናት። እሳት የሚወጣው በግራና በቀኝዋ ነው፤ ሙቀቱን የሚወስድላት ነገር ካልደረሰላት ትሰነጠቃለች። ውኃ በቀጭን ቦይ ተስቦ እዚያ ድረስ ይገባል። አየር ግን ሰፊ መንገድና ብዙ የብረት ክንፍ ይፈልጋል፤ አራት ቫልቭ በታጨቀበት ቴስታታ ላይ ደግሞ ለክንፍ የሚሆን ቦታ የለም። ትኩስ ሲኒን ውኃ ውስጥ በመንከርና እፍ እያሉ በማብረድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፖርሸ ራሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለእሽቅድምድም፣ በኋላም 959 በተባለው የመንገድ መኪናው ላይ አራት ቫልቭ ሲፈልግ በግማሽ መንገድ ነበር የታረቀው፤ ሲሊንደሩን በአየር፣ ቴስታታውን በውኃ። የዓለምን የጽናት ውድድር በተከታታይ ያሸነፉት መኪኖቹ በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው።

ሲንገርና ዊሊያምስ ያደረጉት ፖርሸ ራሱ በመንገድ መኪና ላይ ያልገፋበትን ነገር ነው፤ አራት ቫልቭ፣ ያለ ውኃ። የአየሩ አቅጣጫ በኮምፒውተር ተሰላ፤ ቬንቲላተሩና የአየር መሸፈኛው እንደ አዲስ ተነደፉ፤ የሙቀቱን ከፊል ሸክም የሚሸከመው ዘይትም የራሱ መንገድ ተዘጋጀለት። (በአየር የሚቀዘቅዝ 911 ወደ አሥር ሊትር የሚጠጋ ዘይት ይይዛል፤ "በአየር" የሚባለው ግማሹ እውነት ብቻ ነው።) ውኃውን ቢፈቅዱ ኖሮ ችግሩ ከመጀመሪያው ቀን ይፈታ ነበር። አልፈቀዱም። ገንዘብ ሁሉንም ነገር ሲፈቅድላቸው እነሱ ግን አንዱን በር በራሳቸው ላይ ዘጉ።

እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ወሰን የሌለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነገር ያመጣል፤ ወርቅ የተለበጠ ሞባይል፣ አልማዝ የተለጠፈበት የመኪና መሪ። ሁሉንም ማግኘት የሚችል ሰው ሁሉንም ይደራርበዋል። የሲንገር ሰዎች ግን የአባካኝ ሀብት ይዘው በአንድ የስልሳ ዓመት ሐሳብ ውስጥ ለመኖር ወሰኑ፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ስድስቱ ሲሊንደር ተጋድመው ፊት ለፊት፣ ሙቀቱ በአየር። ገንዘቡ የፈሰሰው ከዚያ አጥር ለመውጣት ሳይሆን አጥሩ ውስጥ ጥግ ድረስ ለመሄድ ነው። የጂቲ3 ቁጥርና የዚህ መኪና ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው፤ አስፋልት ላይ የሚንበረከከውም ሰው ያንን መንገድ ለማየት ነው የሚንበረከከው።

የአየር ፍሰቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የ911 ጀርባ እየተንሸራተተ የሚወርድ በመሆኑ በፍጥነት ጊዜ የኋላው ክፍል ወደ ላይ መነሳት ይወዳል። ፖርሸ ይህን ለመቆጣጠር በ1972 መጨረሻ ባወጣው ካሬራ አርኤስ 2.7 ላይ የዳክዬ ጭራ የምትመስል ትንሽ ክንፍ ገጠመ፤ ያቺ ጭራ ዛሬ ከመኪናው በላይ ታዋቂ ናት። ለዚህኛው መኪና መሐንዲሶቹ ትልቅ ክንፍ መትከል ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ከኋላ መስታወቱ ጫፍ ላይ አየሩን አቅንቶ ወደ ጭራዋ የሚልክ ትንሽ መሸጋገሪያ ሠሩ። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የተጨመረ አይመስልም።

ሁሉንም ግን አልወድላቸውም። በአንዳንዶቹ የሲንገር መኪኖች የሞተሩ ክፍል ግድግዳ በተሰፋ ቆዳ ተለብጧል። ቆዳ! ዘይት በሚረጭበት፣ ሙቀት በሚያፍንበት ቦታ! ፎቶግራፍ ላይ ያምራል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ካንዴላ የቀየረ ሰው ግን የጠቆረ እጁን ይዞ የት ሊያሳርፈው እንደሆነ ይጨንቀዋል። የተሸመነው የመቀመጫ ቆዳ፣ እሺ። በኒኬል የተለበጠው ብረት፣ ይሁን። የሞተር ክፍል ቆዳ ግን መኪናውን የሚሠራው ሰው ተረስቶ የሚያየው ሰው ብቻ የታሰበበት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ይህን ጮክ ብዬ ስናገር አጠገቤ የተንበረከከ ሽማግሌ ቀና ብሎ አየኝና "መካኒክ ነህ?" አለኝ። አይደለሁም። ያደግሁት ግን በመካኒክ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አጎቴ ማንሳት አለብኝ። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ሲሠሩ የኖሩ የቮልስ መካኒክ ናቸው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ጋራዣቸው ውዬ ቁልፍ አቀብል፣ ብሎን በነዳጅ አጥብ ነበር። ቮልስ ምን እንደሆነች ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የማይታወቀው ከፖርሸ ጋር ያላት የሥጋ ዝምድና ነው። ቮልስን በ1930ዎቹ የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሸ ናቸው። ልጃቸው ፌሪ በ1948 የመጀመሪያውን ፖርሸ 356 ሲያወጣ ከቮልስ ዕቃ እየወሰደ ነው የሠራው። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ የታየውን 911 መልክ ያወጣለት ደግሞ የልጅ ልጃቸው ነው። (መጀመሪያ 901 ተብሎ ነበር፤ ፔጆ መካከሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ አስለወጠው።) የተጋደሙ ሲሊንደሮች፣ ከኋላ ጎማ ጀርባ የተንጠለጠለ ሞተር፣ በቺንጋ የሚዞር ቬንቲላተር። ባለ 34 የፈረስ ጉልበቷ ቮልስና ባለ 500ው የሲንገር ፖርሸ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ እሑድ ማለዳ የሰው መኪና ስር ሳጮልቅ የማየው እንግዳ ነገር አይደለም። አጎቴ ጋራዥ ውስጥ የማውቀው ሞተር ነው፤ ሀብት አግኝቶ። አጎቴም በበኩላቸው አጥር ውስጥ ነው የሠሩት፤ የእሳቸውን አጥር የመረጠላቸው ግን ሌላ ነበር። አዲስ ቴስታታ የለም፤ የተሰነጠቀው ተበይዶ፣ ተሞርዶ ይመለሳል። የጠፋ ዕቃ ሶማሌ ተራ ካልተገኘ ከሌላ መኪና ተወስዶ ይገጣጠማል፤ ያም ካልሆነ ቶርኖ ቤት ተሄዶ ይቀረጻል። ላሜራው ሲበሳ ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፣ በስቱኮ ይለሰልሳል። ድህነት ጥበብን ይወልዳል ብዬ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚወለደው መንገድ ላይ መቆም ነው፤ አጎቴም የሜዝገርን መሣሪያ ቢያገኙ ኖሮ በአንድ እጃቸው ስቱኮውን ይወረውሩት ነበር። ያም ሆኖ ዕድሜ ልኩን ከአንድ ሞተር ጋር የተነጋገረ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያንን ዕውቀት በካሊፎርኒያም አገኘዋለሁ።

የዚያን መኪና ቪዲዮ ላክሁላቸው። በነጋታው ደወሉ።

"አየሁት" አሉ። "ቬንቲላተሩ ጥሩ ነው። ማን ነው የሠራው?"

ስለ ሜዝገር፣ ስለ ዊሊያምስ፣ ስለ አራቱ ቫልቭ ነገርኳቸው። ስለ አራቱ ቫልቭ ስናገር ዝም ብለው አዳመጡ፤ ከዚያ "በጭሱ በኩል አይሰነጠቅም?" አሉ። በመጽሔት ሳነብ የከረምኩትን ነገር እሳቸው በአንድ ጥያቄ ደረሱበት። እንዴት እንደፈቱት የምችለውን ያህል አስረዳኋቸው።

"ዘይቱስ ስንት ሊትር ነው?"

"ወደ አሥር ይጠጋል፣ ጋሼ።"

"አሥር! የእኛዋ በሁለት ሊትር ተኩል አይደል እንዴ የምትሄደው!" ሳቁ። በብር አስልተውት መሆን አለበት፤ ሳቁ ረዘመ። "ዋጋውስ?"

ነገርኳቸው። በዚህኛው አልሳቁም። በዶላር መሆኑን ደግመው ጠየቁኝ፤ አረጋገጥኩላቸው። ለጥቂት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ዝናቡ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉትን አሮጌዎች የሚያሳድስ ሰው እንደማይጠፋም አነሡ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን ተመለሱበት።

"ለመሆኑ ሰውዬው ይነዳዋል?"

"አንዳንዱ ይነዳዋል፣ ጋሼ። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ያቆመዋል።"

"ካልተነዳ ጓርኒሲዮኑ ይደርቃል፤ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ንገራቸው።"

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማንን እንደምነግር እግዜር ይወቀው። ካሊፎርኒያ ለቮልስ ሰው የመለዋወጫ ገነት መሆኗን ያውቃሉና ቀጥሎ ክረምት ስመጣ በሻንጣ የማመጣውን ያስጽፉኝ ጀመር፤ ካንዴላ፣ የካርቡራተር ጓርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ፕላቲና፣ ሁለት ቺንጋ። "የጀርመኑን እንጂ ሌላውን እንዳታመጣ" ብለው አስጠነቀቁኝ። ለቺንጋ ሲሆን እሳቸውም ስለ ዋጋ አይደራደሩም።